ሙሽራዋ እንዳትመለስ

ወንድሜ በየሄደበት ሠርግ ፍየል ይቀርፅ ነበር። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ይቀርፃል፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ይቀርፃል፣ ከዚያ ድንገት ካሜራውን ያዞርና አጥር ሥር ካርቶን የምታኝክ ፍየል ላይ ያሳርፈዋል። ጅቡቲ ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ውሃም ይጠፋል፤ ፍየል ግን አይጠፋም። ሰው ይስቅበት ነበር። አንድ ቀን የሙሽራ አጎት፣ “አንተ፣ የጠራንህ ለሠርጉ ነው ወይስ ለእርዱ?” አለው።

“ለሁለቱም ነው ጋሼ። እርስዎ ብቻ ይጨፍሩ” አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።

ፍየሏ የምታስፈልገው ለእኔ ነበር። እሱ ይቀርፃል፣ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ቆርጬ እቀጥላለሁ። ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችን። ከፊት የጉርድ ፎቶ የምናነሳበት ወንበርና ነጭ ጨርቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ፍራሻችን። ድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ “ና፣ ሥራ አለ” ብሎ ጠራኝ። ሥራው ምን እንደሆነ የነገረኝ ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ስለ ፍየሏ ላስረዳ። እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፣ ብቻ ልሞክር። ሙሽራዋ ተቀምጣ እጇን ወደ አፏ ታነሳለች እንበል። መሃሉ ይረዝምና ትቆርጠዋለህ። ቀጥሎ ባለው ምስል እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ሁለቱን ስታገናኛቸው ሙሽራዋ ኤሌክትሪክ እንደያዛት ሰው ዘለል ትላለች። መሃሉ ላይ ፍየል ብታስገባ ግን፣ ተመልካቹ ፍየሏን አይቶ እስኪመለስ ድረስ እጅ የትም ሊደርስ ይችላል። ዓይን የዋህ ነው፤ ይረሳል። “እዚህ ጋ ፍየል አስገባ” ይለኝ ነበር ወንድሜ። እየቆየ ሲሄድ መሃል የሚገባ ነገር ሁሉ ፍየል ሆነ። ሻማም ፍየል ነው፤ የተኛ ሕፃንም ፍየል ነው። አንዴ፣ “የሙሽራውን እናት ፍየል አድርጋት” ሲለኝ፣ ለካ ሙሽራው ራሱ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ ይሰማናል። እሱን ለማስረዳት ከቪዲዮው በላይ ደከምን።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ሲኒማ እንደሚያይ ሰው አይደለም። ሲኒማ የሚያይ ታሪኩን ይከተላል። ሠርግ የሚያይ ግን ራሱን ይፈልጋል፤ ራሱን ካገኘ በኋላ ደግሞ የሌላውን ጥፋት ይፈልጋል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የሙሽራ አባት ላይ ትልቅ ጉድ ሠራሁ። ሰውየው ፊት አንድ ቢራ ነበረች። እኔ ምስሎቹን ለማሳመር ብዬ ከወዲህ ወዲያ ቀያየርኳቸው። ቪዲዮው ሲወጣ ብርጭቆው ይጎድላል፣ ይሞላል፣ ደግሞ ይጎድላል፣ ደግሞ ይሞላል። በማግሥቱ ሰውየው ሱቃችን መጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

“ልጆቼ፣ እኔ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ” አለ። “ለሚስቴ አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት ብዬ ምዬላታለሁ። እናንተ ሳጥን ሙሉ አጠጣችሁኝ።”

ወንድሜ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ቢራውን አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ምስል ሳይ መጀመሪያ የማየው ብርጭቆ ነው። ከሰው ፊት በፊት ብርጭቆ። ሰዎች ሲያዋሩኝም የያዙትን ብርጭቆ አያለሁ፤ መጥፎ ልማድ ነው።

ወንድሜ የማይነካው አንድ ሕግ ነበረው። የመስመሩ ሕግ እንበለው። አስተማረኝ የምለው እሱን ነው። አንድ ቀን በሰንደሉ ተረከዝ ሱቁ ወለል ላይ ያለውን አቧራ ሰንጥቆ መስመር አሰመረ። መስመሩ ላይ የክብሪት ቀፎ አኖረና ገፋት።

“ወዴት ሄደች?”

“ወደ ቀኝ።”

“ተሻገርና ከዚያ ማዶ ሁነህ እያት።” ተሻገርኩ። እንደገና ገፋት፤ በዚያው አቅጣጫ።

“አሁንስ?”

“ወደ ግራ።”

“ክብሪቷ ዞረች?”

“አልዞረችም።”

“የዞርከው አንተ ነህ። እኛ ይህን እናውቃለን፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠች የሙሽራ እናት ግን አታውቅም። እሷ የምታየው ልጇ በቀኝ ወጥታ በግራ ስትመለስ ነው። ሙሽራ ደግሞ ከመንገድ አትመለስም፣ ገባህ?”

ገባኝ። በእኛ ሰው ዘንድ ከመንገድ የተመለሰች ሙሽራ ቀልድ አይደለችም። አጀቡ ራሱ ረስቶት የወጣ ዕቃ ቢኖር ሌላ መኪና ይላካል እንጂ የሙሽራዋ መኪና አይዞርም። ስለዚህ ወንድሜ አጀብ ሲቀርፅ ጠዋት በያዘው የመንገድ ጠርዝ ላይ ይውላል። ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ አይሻገርም። ማዶ ጥላ አለ፤ አይሻገርም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ጨው ሠርቶ ይመጣል።

ከዚያ ወንድሜ ሞተ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ሞክሬ ነበር። የትም ሳስቀምጠው ይዘላል። ፍየል የሚገባበት አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባልባላ በሚባል ሰፈር ሠርግ ነበረው። እኔ የክርስትና ቪዲዮ እየጨረስኩ ሱቅ ቀረሁ። በሚኒባስ ተመለሰ። ቦርሳውን አወረደ፣ ካሴቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ “ሙቀቱ ነው” ብሎ ተኛ። ሙቀቱ አልነበረም። ትኩሳቱ ሆስፒታል አስገባው፣ ከሆስፒታል ግን አላወጣውም። ሳምንቱን አልደፈነም። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ፤ እኔ የሰማሁት ፊቱን ነው።

የባልባላው ሙሽራ በአዲስ አበባ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አባቱ አርጅተው ይህን ሙቀት አይችሉትምና ለልጃቸው ሠርግ ከሀገር ቤት አልወረዱም። ቪዲዮው የሚሠራው ለእሳቸው ነበር። ሙሽራው ወደብ ላይ ጭነቱ እስኪሞላለት እየጠበቀ ነው፤ ሲሞላ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ሲዲውን ይዞ፣ ወደ አባቱ ይወጣል። እንዲህ ነበር ዕቅዱ። ለለቅሶ መጣና ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲነሳ በሩ ላይ ቆም አለ።

“ወንድም፣ ቪዲዮውን ለማለት አይደለም የመጣሁት” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ካሴቷን ብቻ ብትሰጠኝ ሌላ ሰው ይቆርጥልኛል። አንተ አትቸገር።”

ሌላ ሰው። ሌላ ሰው የወንድሜን ካሴት ሲቆርጥ ታየኝ። በየመሃሉ የሚሽከረከር ልብና የምትበር ርግብ ሲያስገባበት ታየኝ። ወንድሜ የሚበሩ ርግቦችን እንደ ጠላት ነበር የሚያያቸው።

“እኔ እጨርሰዋለሁ” አልኩ። “ጭነትህ ሳይሞላ።”

እና ተቀመጥኩ። ቀን ቀን፣ ጫት ገብቶ ከተማው ጸጥ በሚልበት ሰዓት እሠራ ነበር። ማራገቢያውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩት፤ እሱ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ይግላል። ድምፁን ዘጋሁት። ኀዘን ቤት ነው። በረዶ የምትሸጠው ሶማሌ ጎረቤታችን ስለ እኛ ብላ ሬዲዮዋን ከዘጋች ሰንብታለች። እሷ ሬዲዮዋን ዘግታልኝ እኔ የሠርግ ዘፈን ልክፈት? በጆሮ ማዳመጫም ቢሆን አልሆነልኝም። እልልታ ጆሮዬ ውስጥ ማስገባት ከበደኝ። በዓይኔ ቆረጥኩ። ጭብጨባን በዓይን መቁረጥ ይቻላል፤ መዳፎቹ ሲገናኙ ነው የምትቆርጠው። ዘፋኟ አፏን ስትዘጋ ነው።

ሥራው ጥሩ ሄደ። እንዲያውም አንዳንዴ ወንድሜ ማዶ ያለ፣ ካሴቱ ሲያልቅ የሚገባ ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር። አጀቡ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ባልባላ ላይ አጀብ ዝም ብሎ አይወጣም። ክላክስ እያስጮኸ ሰፈሩን ይዞርና በሙሽራዋ እናት በር በዚያው አቅጣጫ ሁለተኛ ጊዜ አልፎ ነው ወደ ከተማ የሚወርደው። የመጀመሪያውን ወንድሜ ከቤቱ በኩል ቆሞ ቀርፆታል። መኪኖቹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ሁለተኛውን ቀርፆታል፤ መኪኖቹ ወደ ግራ ይመጣሉ።

ተሻግሯል። ወንድሜ መስመሩን ተሻግሯል።

መልሼ አየሁት። መልሼ አየሁት። ካሴቷን አውጥቼ አጽድቼ እንደገና አየሁት፤ መኪኖቹን አቧራ ያዞራቸው ይመስል። ሌላም ነገር ነበር። ወንድሜ ረጅም ነው፣ የሚቀርፀው ሁሉ ከሰው ትከሻ ከፍ ብሎ ነው። እዚህ ጋ ግን የሚታየኝ የመኪኖቹ ጎማ ነው። ቁጭ ብሎ ነው የቀረፀው። ማዶ ጥላ ነበር፤ ጥላው ሥር ተቀምጦ ነው።

በሁለቱ መሃል የሚገባ ነገር ፈለግሁ። ፍየል የለም። በሕይወቱ ፍየል ያልቀረፀበት ሠርግ ይሄ ብቻ ነው። መሃል ላይ የተረፈ አንድ ቁራጭ ነበር፤ የሰው ቀሚስ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፣ ነጭ በነጭ ነው። ሰው ፊቱ የቆመበት ምስል በእኛ ሱቅ ቆሻሻ ነው። ጣልኩት። ከሌላ ሠርግ አንዲት ቆንጆ፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ ፍየል አምጥቼ አስገባሁ። በቀኝ ሄዱ፣ ፍየል፣ በግራ መጡ። ምንም አይልም አልኩ ለራሴ። ዓይን የዋህ ነው።

የሙሽራዋ እናት ሊያዩት መጡ፤ እህታቸውን አስከትለው። እናትየው ዝምተኛ ናቸው። እህትየው፣ የሙሽራዋ አክስት፣ ባልባላ ላይ ፍየል አርቢና ወተት ሻጭ ናቸው፤ ዝም የሚሉት ሲያኝኩ ብቻ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት የጉርድ ፎቶው ወንበር ላይ ተጣብበው ተቀመጡ። እናትየው እያዩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠራርጋሉ። አጀቡ ደረሰ። በቀኝ ሄዱ። ፍየሏ።

“ቁም!” አሉ አክስትየው። “ይቺ የማን ናት?”

“ምኗ?”

“ፍየሏ ናታ! የእኛ ሰፈር ፍየል አይደለችም።”

“እማማ፣ ፍየል እኮ ፍየል ነው” አልኳቸው።

“ለአንተ ነዋ! የእኛ ሁሉም ጀርባቸው ላይ ቀይ ቀለም አላቸው፣ እንዳይደባለቁ። ይቺ ሰማያዊ ናት። የከተማ ፍየል ናት ይቺ። ምን ልትሠራ መጣች በእኛ ሠርግ? ማን ጠራት?”

እናትየው አልሳቁም። ማያ ገጹን እያዩ ነበር፤ መኪኖቹ በግራ እየመጡ ነው።

“ልጄን መለስካት” አሉ፣ በቀስታ።

“አልተመለሰችም እማማ። ካሜራው ነው የዞረው…”

“ገና ሳትሄድ መልስ ጠራችሁ እንዴ?” አሉ አክስትየው።

“አንቺ ዝም በይ። ልጄ፣ ይሄንን አማቼ ቤት አልልክም። ሽማግሌው ምን ይላሉ? ልጅቷ ከመንገድ ተመለሰች ይበሉ?”

ክብሪት ፈልጌ ላስረዳቸው አሰብኩ። ከዚያ ግን ወንድሜ ያለው ትዝ አለኝ፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠች እናት ይህን አታውቅም። ማወቅም የለባትም። የእኛ ሥራ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ጭነቱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ሙሽራው ያን ቀን ጠዋት ደውሎ ነበር። ወንድሜ በመጨረሻ ሥራው ሙሽራ መልሶ ሊቀር ነው።

“እሱ ማዶ ነበር የተቀመጠው” አሉ እናትየው ድንገት። “ጥላው ሥር። ውሃ ወሰድኩለት እኮ። እሱ የት አለ?”

“የቱ?”

“እኔ ውሃ ሳቀርብለት። ካሜራው ይሠራ ነበር፣ መብራቷ ቀይ ነበረች። ተነጋግረናል።”

የጣልኩትን ቁራጭ አወጣሁት። ነጭ በነጭ፣ ቀሚስ። “እኔ ነኝ!” አሉ እናትየው። አክስትየው፣ “ጀርባሽ እንዲህ ሰፍቷል እንዴ?” አሉ።

“ድምፁን ክፈተው” አሉ እናትየው።

“ኀዘን ላይ ነኝ እማማ። ጎረቤት ምን ይላል?”

“ስለ ዘፈኑ አይደለም። እኔም አዝኛለሁ። በእኔ ደጅ ነው የታመመው። ክፈተው።”

ከፈትኩት። ክላክስ፣ እልልታ፣ ከበሮ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ክፍሏን ሞላት። በረዶ ሻጯ መጋረጃውን ገልጣ በድንጋጤ አየችን። ከዚያ ከጩኸቱ ሥር፣ ከካሜራው ጋ በጣም ቀርቦ፣ የእናትየው ድምፅ መጣ። “ጠጣ የኔ ልጅ፣ ፊትህ አመድ መስሏል።”

ቀጥሎ ወንድሜ።

“እማማ፣ ውሃውን እደርስበታለሁ። ዞር ይበሉልኝ፣ ልጅዎን ሸፈኑብኝ!”

እየሳቀ ነበር። ደክሞት እየሳቀ። በምስሉ ላይ ቀሚሱ እየተንቀሳቀሰ ዞር ይላል፣ እናትየው ብርጭቆ እንደያዙ በጎን ይታያሉ፣ አንገታቸውን ያዞራሉ፤ መኪኖቹ በፊታቸው ያልፋሉ። ወደ ግራ። እሳቸው በዓይናቸው ይሸኟቸዋል።

በረዶ ሻጯ፣ “ዋላልካ?” አለችኝ፤ ወንድምህ ነው? ማለቷ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እዚያው ቆመች።

ለራሴ ሦስተኛ ጊዜ ሳጫውተው ነው ያየሁት፤ ማልቀሴን ትቼ እንደ ቆራጭ ማየት ስጀምር። ፍየሏን አወጣኋት። መኪኖቹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ነጭ ቀሚስ ይሸፍነናል፤ ምንም አይታይም። ቀሚሱ ሲገለጥ እኛም ከእናትየው ጋር ማዶ ነን። እሳቸው ተሻግረዋል፣ እኛም አብረናቸው ተሻግረናል። መኪኖቹ አይመለሱም፤ እሳቸው ቆመው ይሸኟቸዋል፣ መኪኖቹ ይሄዳሉ። ቆሻሻ ብዬ የጣልኩት ነው መንገዱን ያገናኘው።

አሳየኋቸው። እናትየው ጠጋ ብለው አዩት።

“አሁን ሄደች” አሉ።

“ሄደች!” አሉ አክስትየው። “ያለ ከተማ ፍየል!”

አንድ ነገር ቀረኝ። የሚቀርፀው ሰው ድምፅ ቪዲዮ ውስጥ አይገባም፤ ይሄም የወንድሜ ሕግ ነው። በየሠርጉ፣ “ጠጋ በሉ”፣ “ወደ እኔ ተመልከቱ” ሲል ያለውን ሁሉ እየለቀምኩ አጥፍቻለሁ። ብዙ ድምፁን አጥፍቻለሁ። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እናትየው ቀደሙኝ።

“ድምፁን እንዳትነካው። በእኔ ሠርግ ነው የተናገረው፤ የእኔ ነው።”

አልነካሁትም። ሙሽራው በማግሥቱ ጠዋት የሞላውን መኪናውን ሱቃችን አካባቢ አቁሞ፣ ሚስቱን ከፊት አስቀምጦ፣ ሲዲውን ተቀበለኝ። መሪው አጠገብ ካለችው ኪስ ከተታት። “ሰብረሃት እንዳትደውልልኝ” አልኩት። ክላክስ አስጮኸልኝና ሄደ። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ሳላስበው ነው ያየሁት።

በሚቀጥለው ጉዞው ሲወርድ ሱቁ መጣ። ከሀገር ቤት በርበሬ አምጥቶልኛል። አባቱ ቪዲዮውን ጎረቤት እየሰበሰቡ እንደሚያሳዩት ነገረኝ።

“ግን አንድ ነገር ጨቀጨቁኝ” አለ። “አጠገባቸው በተቀመጥኩ ቁጥር ይጠይቁኝ ነበር። ያ ልጅ ውሃውን ጠጣ ወይስ አልጠጣም? ይላሉ። ‘እደርስበታለሁ’ ብሏል፣ ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን አላየነውም ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?”

ያን ቁራጭ የቆረጥኩት መኪኖቹ አልፈው ሲያበቁ ነው። ካሴቷ ግን ትንሽ ትቀጥላለች። አጀቡ ካለፈ በኋላ አንድ ረጅም እጅ ከካሜራው ጎን ይወጣል፣ ከእናትየው እጅ ብርጭቆውን ይወስዳል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰማይ ይታያል። ከዚያ እጁ ብርጭቆውን ሲመልስ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ብርጭቆ ነው የማየው ብያለሁ። ባዶ ነው።

“ጠጥቷል በላቸው” አልኩት። “እስከ መጨረሻው ነው የጠጣው።”